ሦስት ሰከንድ ሳቅ

እዚህ ጋ እቆርጥ ነበር፣ ልክ እዚህ ጋ፣ ሰውየው በሩን ከፍተው ገብተው ወንበር የሚፈልጉባትን ምስል፣ ሰው ወንበር ሲፈልግ ማየት ለማን ምን ያደርግለታል፣ ቀጭ፣ ወጣች፣ ሰውየው ተቀምጠዋል፣ እንደዚህ ነበር የምሠራው፣ ዛሬ ግን ይፈልጉ፣ ቀስ ብለው ይፈልጉ፣ አገር ሙሉ ቁጭ ብሎ ይያቸው። እጄ ጉልበቴ ላይ ናት። ጠቋሚ ጣቴ ትቁነጠነጣለች፣ ሃያ ዓመት አንድ ቁልፍ ስትጫን የኖረች ጣት፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም።

አሥራ አራት ደቂቃ። አንድም ቦታ ሳይቆረጥ። በቀጥታ ስርጭት፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ በሚዘረርበት ሰዓት፣ በፕሮግራማችን ሃያኛ ዓመት ቀን። ኬክ ይቆረሳል የተባለበት ቀን። ኬኩ ቀረ፣ እኛው ቀረብን።

እኔ ቆራጭ ነኝ፣ በወግ ሲጠራ የምስል አርታኢ ይባላል፣ ደብዳቤ ላይ እንደዚያ ነው የሚጽፉት፣ እዚህ ቤት ግን ስሜ መቀስ ነው፣ መቀስ ና፣ መቀስ እይልን፣ መቀስ አውጣን። ሌሎቹ ከአገር አገር ዞረው የአርባ ሰዓት ምስል ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስት ደቂቃ አወጣለሁ፣ ሕዝቡ የሚያየው እሷን ነው፣ እኔን አያየኝም፣ ካሜራ ፊት ቀርቤም አላውቅ። ዛሬ ቀረብኩ። ፊት የምትቀባው ልጅ ግንባሬን ዱቄት ቀባችኝ፣ ያበራል አለችኝ፣ ቀባች ቀባችና መላጣዬ ጋ ስትደርስ ይሄስ ድንበር የለውም ጋሼ አለች፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄን ራሴው ሰማሁት።

በቀኜ እትዬ ናት፣ የፕሮግራሙ መሥራች፣ አቅራቢዋ፣ ሁሉ ነገሩ፣ ከእኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች፣ ሃያ ዓመት አብረን ስለተጨቃጨቅን አንቺ እላታለሁ፣ እትዬ የሚለው ግን አልለቀቀኝም። በግራዬ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ስክሪኑ ላይም አሉ፣ በአሥራ አንድ ዓመት አንሰው፣ ፀጉራቸው ጥቁር፣ የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ፣ ሰማያዊ ካፖርት፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ያኔ ሰውዬው ነበር የምላቸው። ሰውዬውን አምጡልኝ፣ ሰውዬው የሚስቅባት የት አለች። ጋሼ ማለት የጀመርኩት ከሁለት ወር ወዲህ ነው፣ አፌ አፍሮ ነው የጀመረው።

ካሴቱ ሲያልቅ እትዬ ወደ እኔ ትዞርና አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። ጥያቄውን አውቀዋለሁ። መልሱንም አውቀዋለሁ፣ አጭር ነው።

ስክሪኑ ላይ እትዬ ትጠይቃለች፣ ድምጿ ያኔ እንዴት ይቆርጥ ነበር፣ ሰባት ሺህ ብልቃጥ የሕፃናት መድኃኒት ከእርስዎ መጋዘን ወጥቷል፣ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ግን አልደረሰም፣ የት ገባ? እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እሱን እኔም መጠየቅ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ ይላሉ። ቀስ ብለው። ቃል ከቃል እየመረጡ። እንደዚህ ያለ ሰው ለቆራጭ መከራ ነው፣ አረፍተ ነገሩን ጀምሮ መነጽሩን ይወለውላል፣ አንተ ሰዓት ታያለህ፣ እሱ መነጽር ይወለውላል።

ይወልውሉ ጋሼ። ይወልውሉ።

ሃያ ዓመት፣ ቀላል ነው እንዴ፣ ያን ድልድይ ያስዘጋነው እኛ ነን፣ መሐንዲሱ ምንም አይሆንም እያለ ሲምል ቀጭኑ፣ የእኛው ካሜራ ሰው፣ በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና ከታች የሚሄደውን ወንዝ አሳየ፣ እኔ ያችን ምስል ዘጠኝ ሰከንድ አቆየኋት፣ ድምፅ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ውኃ ብቻ፣ በማግስቱ ድልድዩ ተዘጋ፣ በሦስተኛው ሳምንት መሃሉ ሰመጠ፣ ማንም አልነበረበትም። ማንም! ያን ቀን ቤት ገብቼ ልጆቹ ሲጣሉ ሳያቸው አመሸሁ። ሌላ ቀን ደግሞ መሥሪያ ቤት ወረፋ ቆሜ ጸሐፊዋ ነገ ተመለሱ ስትላቸው አንድ ሽማግሌ ለእሁዱ ነው የምናገርብሽ አሏት፣ የእሁዱ ይለናል ሕዝቡ፣ የፕሮግራሙን ስም የሚጠራ የለም፣ ማኅተሙ ከመሳቢያ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ደረቴ ሊፈነዳ። እኔ ነኝ እኮ ልላቸው ፈለግኩ፣ ምን ብዬ፣ ቆራጩ ነኝ ብዬ? ወረፋዬን ያዝኩ፣ እኔን ግን ነገ ተመለስ አለችኝ።

ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከዚህ ኩራት ውስጥ ትልቁ ክፍል ደግሞ፣ ይሄን ደጋግሜ ማለት አለብኝ፣ ትልቁ ክፍል የእኚህ ሰው ሳቅ ነበር።

ስድስተኛው ደቂቃ። አሁን ማኅደሩን ይከፍታሉ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይሄ ለሆስፒታሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ይሄም ለእሳቸው፣ ይሄ ደግሞ መልስ ሳጣ ለበላይ አካል፣ መድኃኒቱ እየጎደለ ነው ብዬ የጻፍኩት። ሦስት ደብዳቤ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወረቀቱ ላይ አርፋለች፣ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው፣ አንድ ፊደል አይነበብም። ለዚህ ነው የቆረጥኩት። በቃ፣ ለዚህ ነው። ማንም ጉቦ አልሰጠኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ወረቀቱ አበራብኝ፣ አይነበብም አልኩ፣ ጊዜ ይበላል አልኩ፣ ቀጭ።

ከደብዳቤዎቹ ቀጥሎ ሳቁን አገኘሁት። ጥርሳቸው እስኪታይ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ ሦስት ሰከንድ። ወርቅ ነው አልኩ፣ በአፌ አልኩት፣ ብቻዬን በተዘጋ ክፍል። የእትዬን ጥያቄ አመጣሁ፣ የት ገባ? ሳቁን ለጠፍኩ። ከሳቁ በኋላ ልጇን አልጋ ላይ አስተኝታ መድኃኒት የለም የተባለችውን እናት አስገባሁ፣ ዝም ብላ ስታይ። አንድም የውሸት ምስል የለበትም። ጥያቄው እውነት፣ ሳቁ እውነት፣ እናቲቱ እውነት። ውሸቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የኔ እጅ ነው።

እትዬ አይታው እጅህ ይባረክ አለችኝ። ተሸለምን። ሠልጣኝ በመጣ ቁጥር እሱን ነበር የማሳየው፣ እዩ፣ አንድ ቃል ሳይነገር፣ እዩ ይሄን ፊት። እነሱም ያዩና ይሄ አረመኔ ይላሉ። እኔ ፈገግ።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ተፈረደበት፣ መድኃኒቱ ወደ ክፍሎቹ ተመለሰ፣ ዘገባችን እውነት ነበር፣ ይሄን ማንም አይወስድብንም። ያስፈረደበት ማስረጃ ግን እነዚያ ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው። የኔዎቹ። የጣልኳቸው። ጋሼ ከሥራ ታግደው ስምንት ወር ፍርድ ቤት ተመላልሰው በነፃ ተሰናበቱ፣ እኛም በአንድ አረፍተ ነገር ተናገርን፣ የመጋዘን ኃላፊው በነፃ ተሰናብተዋል፣ ጨዋዎች ነና። በየትኛው ምስል ላይ? እጃችን ላይ በነበረው፣ በሳቁ ላይ።

ውይ።

ሁለት ወር ሆነው። ለሃያኛው ዓመት ምርጥ ምርጡን ልቀም ተባልኩና ማኅደር ክፍል ወረድኩ፣ ጥራት ያለው ቅጂ ልውሰድ ብዬ ያልተቆረጠውን ካሴት ከተትኩ፣ ሳቁ መጣ፣ ከሳቁ በፊት ያለውን ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ለቀቅኩት፣ ያኔ በጥድፊያ ዘልዬው የነበረውን፣ ድምፁን ከፍቼ። አራት ጊዜ መለስኩት። አራተኛው ላይ ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ሰው እንዳያየኝ፣ ምን ስሠራ እንዳያየኝ፣ ሌባ አይደለሁ።

ቤት ገባሁ፣ ባለቤቴ የተማሪ ደብተር እያረመች፣ ምን ሆነሃል አለችኝ፣ ነገርኳት፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማን ያውቃል? እኔ ብቻ። እንግዲህ አንተ ካወቅክ ታወቀ አይደል እንዴ፣ ብላ ደብተሯን ቀጠለች። ሃያ ሰባት ዓመት በትዳር፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ሆኜ ዋሽቼ ማለፍ አልቻልኩም፣ ያንኑ ገጽ ግን ሁለቴ ስታርም አይቻለሁ፣ ሥራዬ ነው ማየት።

ጠዋት ለእትዬ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አየች። ካሴቱ ካለቀ በኋላም ባዶውን ስክሪን አየች። ከዚያ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ እኮ አለች፣ እኔም ስቄ ነበር፣ አብሬያቸው ነው የሳቅኩት፣ አንተ ቆርጠህ ስታሳየኝ ደግሞ በሳቃቸው ተናደድኩ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ወንበሬን አስጠግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ሄድን። ሰውየው ተንኮለኛ አይደሉም፣ ፈሪም አይደሉም፣ ደክሟቸዋል። እናንተ ሰዎች ደህና ናችሁ ወይ አሉን፣ የመጋዘን ኃላፊው ነፃ ወጥተዋል፣ የከሰሰን የለ፣ የጠየቀን የለ፣ ያጋለጥናቸው ሌቦች ሁሉ ነገ ተነስተው እኛንም በመቀስ ነው የሠራችሁን ይሉናል፣ ሃያ ዓመት የሠራችሁትን ስም በአንድ እሁድ ልታፈርሱት? እትዬ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ ባለሥልጣን ፊት እንደምትቀመጠው ተቀምጣ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለች፣ ይሄን ያደረገው ሌላ ጣቢያ ቢሆን እንሠራበት ነበር ወይስ እንተወው ነበር? ሥራ አስኪያጁ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ትሠሩበት ነበር አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ እሺ፣ ኬኩን ማን ነው ያዘዘው፣ ቀርቷል በሉት።

ያኔ ነው የኮራሁት፣ በሽልማቱ ቀን እንደዚያ አልኮራሁም፣ ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ክንዷን ያዝኳት፣ ሁለት የሚያስፈሩ ሽማግሌዎች፣ ይሄ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው እያልኩ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የሠራሁት እያልኩ።

ሰባተኛው ደቂቃ ሄደ። አሁንም ደብዳቤ። ሰው ጣቢያ ቀይሮ ይሆን? ይቀይር።

የጋሼን በር የከፈተችው ልጃቸው ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ያኔ አሥራ አንድ። እትዬን አወቀቻት፣ እትዬን የማያውቅ የለ፣ በሩን ግን አልለቀቀችም። ምን ቀራችሁ አለች። እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ አባትሽ ለምን እንደሳቁ አግኝተናል። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ክፍል ውስጥ የሳቂው ልጅ ነበር የሚሉኝ አለች፣ ትምህርት ቤት ሁለቴ ቀይሬአለሁ፣ አባዬ ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲነሳ አይስቅም፣ የተመረቅኩ ዕለት እንኳ ሳቅ በል ስለው ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፣ ማን ነው? እንግዶች ናቸው አባዬ። ግቡ በያቸው እንግዲህ፣ ደጅ ላይ ሰው አይቆምም።

እርስዎ ምን ይሠራሉ አሉኝ፣ እርስዎ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ለማንሳቸው ለእኔ፣ እርስዎ ማለት አንዳንዴ በር መዝጋት ነው። ቆራጭ ነኝ አልኳቸው። ኧኸ አሉ።

በሳምንቱ መጥተው ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ፣ የኔ ወንበር ላይ፣ አየኋቸው ሲያዩት። ሙሉውን። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ሲያልቅ፣ ደብዳቤዎቹን አሳይቼ ነበር ማለት ነው አሉ። አዎ ጋሼ። እኔ እኮ ያሳየሁ መስሎኝ ነው፣ ሕልም ነው እያልኩ፣ ሰው ሁሉ ሳቅህ፣ ሕፃን ሲሞት ሳቅህ ሲለኝ በምን እንደሳቅኩ ለራሴም ጠፋኝ፣ ሌሊት ሌሊት ምናልባት ክፉ ሰው ነኝ ይሆን እያልኩ። ይሄን በዚያው በቀርፋፋ ድምፃቸው ነው የሚሉት፣ እያንዳንዱን ቃል መርጠው። እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ያዙኝ፣ ተነስ፣ ተነስ እንጂ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው። ተነስ አሉኝ፣ ይነሱ አላሉኝም።

ምን እናድርግልዎ አለች እትዬ፣ የይቅርታ ደብዳቤ፣ መግለጫ፣ የሚፈልጉትን። ይሄን አሳዩልኝ አሉ። ሳቁ የመጣበትን እናሳያለን አልኩ፣ አርባ ሰከንድ በቂ ነው፣ ከዚያ ድምፅዎን እናስገባና፣ እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ የለመደ እጅ! አይ አሉኝ። ከበሩ እስከ በሩ። ጋሼ አሥራ አራት ደቂቃ ነው፣ ሰው ይሰለቻል። ይሰልች። አንተ ቆርጠህ ነው የወሰድከኝ፣ ሳትቆርጥ መልሰኝ።

ሳትቆርጥ መልሰኝ።

ዘጠነኛው ደቂቃ፣ መጣ፣ መጣ። ስክሪኑ ላይ ጋሼ ሦስተኛውን ደብዳቤ እያሳዩ ነው፣ ቀጭኑ ወረቀቱን ለመቅረጽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ምስሉ ይናወጣል፣ ጀርባው መደርደሪያ ይነካል፣ ባዶ ካርቶኖቹ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም፣ ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ ላይ ይወድቃሉ፣ ማዳመጫውን እንዳደረገ ካርቶን ውስጥ ጠፋ፣ ከውስጥ ድምፁ ይሰማል፣ ድምፅ ጥሩ ነው ቀጥሉ። እትዬ በሳቅ ፈረሰች። ጋሼም ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ።

ስቱዲዮው ሳቀ። ማንም አላዘዘም፣ መብራት ሰቃዩ፣ ቀቢዋ ልጅ፣ ከመስተዋቱ ኋላ ያሉት ሁሉ፣ ቀጭኑ ራሱ ሁለተኛው ካሜራ ኋላ ሆኖ ትከሻው ይነቃነቃል፣ ካሜራውን ያዝ አንተ! ጋሼ አይስቁም። ወንበራቸው ጫፍ ላይ መጥተው የሚስቀውን ሰው ያያሉ፣ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሳቅ ሲሰደቡ ኖረው አሁን ሰው አብሯቸው ይስቃል፣ ጉንጫቸው ላይ አንድ ነገር ይወርዳል፣ አይጠርጉትም፣ እኔም አላይም፣ ዞርኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያኔ አላየሁትም ነበር፣ ወርቄን አግኝቼ ማን ቀሪውን ያያል። ጋሼ ይነሳሉ። ካርቶን በካርቶን ያነሳሉ። ተጎዳህ ልጄ? ራስህን አሳየኝ። ፀጉሩን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ ያደርጋሉ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሆነን ፕላስተር አጣን ልንል ነው ይላሉ። ካርቶኖቹን መልሰው በመጠናቸው ይደረድራሉ፣ ትልቁ ከታች፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ማንም አይናገርም፣ ሁለት ደቂቃ ካርቶን በሕዝብ ጣቢያ፣ ዕብደት ነው፣ በሥራዬ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አሳይቼ አላውቅም፣ አንድ ጣት ሳላነሳ፣ ምናባቱ፣ እኮራለሁ፣ ልኩራ እንጂ። ከዚያ ደብዳቤዎቻቸውን ሰብስበው፣ ሌላ ጥያቄ ካለ እዚሁ ነኝ ይላሉ፣ ስክሪኑ ጠቆረ።

የካሜራው ቀይ መብራት በራ። እትዬ ወደ እኔ ትዞራለች። ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ድምጿ ግን ያው የምናውቀው ነው፣ ለባለሥልጣንም ለሌባም ያልተለወጠው፣ አይለሰልስልኝም፣ እሰይ፣ እንዳትለሰልስ።

ይህን ንግግር ቆርጦ ሳቁን ብቻ ያስቀረው ማን ነው?

እኔ ነኝ።

ወጣች። ሁለት ቃል ናት። ድምፄ ወፍራም ኖሯል፣ ሃያ ዓመት ድምፅ ሳስተካክል የኔን ሰምቼው አላውቅም። ሌላም ልናገር ነው፣ ሁሉንም በአንዴ፣ ቃላቱ ይጋፋሉ። በግራ በኩል ክንዴ ላይ እጅ አረፈ፣ ከባድ፣ ሙቅ እጅ።

ቀስ ብለህ ንገራቸው ይላሉ ጋሼ፣ ጊዜ አለን።

እሺ። የቆረጥኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር እላለሁ፣ በማግስቱ ይተላለፋል፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ መሙላት ነበረብኝ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ብቻዬን ነበርኩ፣